የሚነዝረው አምፕሊፋየር

አንዲት እናት ባሏ ትቶላት የሞተውን አምፕሊፋየር ከነስፒከሮቹና ከነማይኩ ልትሸጥ ተነሣች። የልጇ የረድኤት የኮሌጅ ምዝገባ ደርሶባት ነበር።

ረድኤት ዕቃውን በቴሌግራም የሽያጭ ገጽ ላይ ለማውጣት ማስታወቂያ ጻፈች። ደኅና አድርጋ ነው የጻፈችው። ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ስንት ዋት እንደሆነ፣ የትኛው ገመድ አብሮ እንደሚሰጥ። ፎቶውን ከፊትም ከኋላም አነሣች። ጥግ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አልቀረችም።

ከዚያ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ መንዘሩንስ ልጻፈው?» አለቻት።

ያ አምፕሊፋየር ብረቱን ሲነኩት ኤሌክትሪኩ ይነዝራል። ማይኩም እንደዚያው። ቤተሰቡ ለምዶታል፤ ነጠላ ጫማ ሳያደርግ የሚነካው የለም። ባልየው በሕይወት ሳለ፣ «ይኼ ዕቃ ሰላምታ ይወዳል» እያለ ይቀልድበት ነበር።

እናቲቱ አሰበች። ቢጻፍ ማን ይገዛዋል? ምዝገባውስ ቢያልፍ?

«ተይው» አለች። «ጫማ አድርጎ ለሚነካው ሰው ምን ይሆናል?»

ዋሸች? አንዲት የሐሰት ቃል አላስጻፈችም። ስንቶቻችን ነን፣ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ እውነት ይዘን የምንኖር?

በማግሥቱ አቶ ደምሰው የሚባሉ ሰው ከገጠር ደወሉ። በደብራቸው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። መጥቼ ልየው አላሉም። ጭረቷን እንኳ ያልደበቀ ሰው ይታመናል ብለው፣ ዕቃውን የሚጭን መኪና መላካቸውን፣ ለእሑዱ ንግሥ ሊያደርሱት ማሰባቸውን ነገሯት። እሷም ደስ ብሏት መረቀቻቸው። ልትሰናበታቸው ስትል ግን፣ የት እንደሚያስቀምጡት እንዲያው ጠየቀቻቸው።

«ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ነዋ፣ እኅቴ። ዘማሪዎቹ አጠገብ።»

ቅኔ ማሕሌት። ጫማ ወልቆ የሚገባበት ቦታ። ጊዜው ክረምት፣ ወለሉ እርጥብ። ማይክ የጨበጠች፣ ባዶ እግሯን የቆመች የሌላ እናት ልጅ ታየቻት። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ደምሰው፣ መኪናውን ይመልሱት» አለች። «ዕቃው ይነዝራል። እኛ ነጠላ ጫማ ካላደረግን አንነካውም። ልጄ ልጻፈው ስትለኝ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»



«የኔም ልጅ ትዘምራለች» አሉ ሰውዬው፤ ስልኩንም ዘጉት።

መኪናው ከመንገድ ተመለሰ። ረድኤት የቀረችውን መስመር ጨመረች፤ ስልኩም ለሳምንታት ጭጭ አለ። በመጨረሻ አንድ ጠጋኝ ለመለዋወጫ ብሎ በርካሽ ወሰደው። ምዝገባው አለፈ። ረድኤት ያን ዓመት ቤት ዋለች። እናቲቱ ግን ያን እሑድ ንግሡ ሲደርስ እንቅልፍ ወስዷት አድራ ነበር።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ጉድጓዱ የተከፈተ ግቢ ስታከራዩ ምን አላችሁ? የምትራገጥ ላም ስትሸጡስ? ከዱላ እጁ የማያርፍ ልጃችሁን ስትድሩ፣ ለሙሽራዪቱ ወላጆች ምን ነገራችኋቸው? «እኛ ለምደነዋል» አትበሉ። እናንተ የለመዳችሁት ለማያውቀው ሰው ሞቱ ነው።

ዕቃ ለመሸጥ ስልካችሁን ስታነሡ፣ ዕድሜውንም ጻፉ፣ የተጠገነውንም ጻፉ፣ ፎቶውንም አጥርታችሁ አንሡ። ከሁሉ በፊት ግን ቤታችሁ ውስጥ እርስ በርስ «ተጠንቀቅ» የምትባባሉበትን ጻፉ። ያ ሰው እጁን የሚዘረጋው እናንተን አምኖ ነው።