አራት መቶ ክንድ መንገድ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። አሰግድ ልጄ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። አንተ ሠርተው መብላት ለማይችሉ ድጎማ የሚሰጠው ኮሚቴ ጸሐፊ ነህ፤ «ፍርሃት ይዞኝ ከቤት መውጣት አቃተኝ የሚል ሰው፣ ሕመሙን ራሱ ቢሮ መጥቶ ያስረዳ ብንል ምን ጥፋት አለው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። በክፋት እንዳልጠየቅኸኝ አውቃለሁ። ጥያቄህ ግን ደስ አላሰኘኝም፤ ስለዚህ መልሱን በቆፋሪው በኩል አመጣልሃለሁ።

ይህ ሰው በመንደሩ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። መንደሩ የሚጠጣባቸውን ሦስቱን ጉድጓዶች የቆፈረው እሱ ነው። አራተኛውን ሲቆፍር አፈሩ ተደረመሰበት። ከጠዋት እስከ ማታ እስከ አንገቱ ተቀብሮ ቆየና ሰዎች ተረባርበው አወጡት። እጁም እግሩም ደህና ነበር። ሰውነቱ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ አልተገኘችም፤ ክፉ ዕድሉ እንግዲህ ይሄ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሬትን ማመን አቃተው። የሚያምነው የቤቱን ወለል ብቻ ነበር፤ በገዛ እጁ ጠጠር ሞልቶ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ በመጠቅጠቂያ ግንድ የደበደበው ወለል ነውና። ደጃፉን አልፎ አንድ እግሩን ውጭ ሲያሳርፍ ግን ልቡ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አሁንም ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ያህል ትንፋሽ ያጥረዋል። መሬቱ እንደማይደረመስ ያውቃል። ማወቁ ግን እስከ እግሩ አይወርድለትም።

ሚስቱ እንጨት እየለቀመች፣ በጀርባዋ እየተሸከመች ገበያ ታወጣ ጀመር። ሁለቱም የሚበሉት በእሷ ጀርባ ነበር። እሷም ሰው ናት፤ በሁለተኛው ዓመት ሳል ያዛት፣ ጎኗንም ይወጋት ጀመር።

ያ መንደር አንድ መልካም ሥርዓት ነበረው። ሰው ሁሉ በአዝመራ ወራት ካገኘው እህል ወደ ጋራው ጎተራ ያስገባል፤ ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ሠርቶ መብላት ለማይችል ሰው ይሰፈርለታል። ቆፋሪውም በጤናው ዘመን፣ ለሥራው ከሚሰጠው እህል ላይ፣ አንድም ዓመት ሳያጓድል አስገብቷል። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ በዋርካው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አለሁ» ብሎ ይቆምና ጉዳቱን ያሳያል። ዓይነ ስውሩ እየተመራ ይመጣል። እግሩ የተቆረጠው በቃሬዛ ይመጣል። ጉዳታቸው በዓይን ይታያልና ይሰፈርላቸዋል።

የቆፋሪው ስም ሲጠራ ሚስቱ ተነሥታ «አለሁ» አለች።

«አንቺን አልጠራንም» አሏት።

«መውጣት አይችልም፣ አባቶቼ። ደጁን ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል።»

«እግሩ ተሰብሯል?»

«ኧረ አልተሰበረም።»

«እንግዲያው መጥቶ መንቀጥቀጡን ያሳየን። ሥርዓት ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው።»

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያ በፊት አንድ አጭበርባሪ ደህና እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሁለት ዓመት በልቶባቸው ነበርና፣ ዳግመኛ እንዳይሞኙ ፈርተው ነው። ያው እነሱንም ፍርሃት ይዟቸዋል። የእነሱ ፍርሃት ሥርዓት ተባለ፣ የእሱ ግን ስንፍና።

ሚስቱ ባዶ ስልቻ ይዛ ተመለሰች። ስልቻውን ምሰሶው ላይ ሰቀለችና እያሳለች ተቀመጠች። ቆፋሪው ያንን ስልቻ ሲያይ ከረመ። ሌላ ክረምት በዚህ ሁኔታ ከመጣ ሚስቱ እንደማትከርም ገብቶታል።

በጥር ወር አንድ ማለዳ መጠቅጠቂያውን አነሣና ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። እሱ ወለሉ ላይ እንዳለ፣ ከደጃፉ ውጭ ያለውን አንድ ክንድ መሬት ቆፈረ፣ ጠጠር ሞላ፣ ውሃ አፈሰሰ፣ ድንጋይ እስኪመስል ደበደበው። ከዚያ ወጥቶ ቆመበት። ቻለ። እዚያው ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ደበደበ። ከቤቱ እስከ ዋርካው አራት መቶ ክንድ ነው። ሚስቱ እንጨቷን አራግፋ ስትመለስ ጠጠርና ውሃ ታቀብለዋለች። አንዳንድ ቀን አምስት ስድስት ክንድ ይገፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የከብት ኮቴ ሲሰማ ይደነግጥና፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን ሳይነሣ ይተኛል። አላፊ አግዳሚው «አይ፣ ይሄስ ለይቶለታል» እያለ ያልፋል። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል መንገዱ ዋርካው ሥር ደረሰ። ስም በሚጠራበት ቀን ቆፋሪው ተጠራና «አለሁ» አለ። ድምፁ ይሰባበራል። ጋቢው በላብ ረጥቧል። ሁለት እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን መሬቱ ላይ ተክሎ ቆሟል።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በእግርህ መጣህ?» አለ አንደኛው።

«በእግሬ መጣሁ።»

«ይህን መንገድ ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻህን?»

«ሚስቴ ውሃ አቀብላኛለች።»

ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞረና «እዩልኝ እንግዲህ! አራት መቶ ክንድ መንገድ የሠራ ሰው ነው መሥራት አልችልም የሚለን» አለ። ሕዝቡም ሣቀ። ቆፋሪው ለማስረዳት አፉን ከፈተ፤ ትንፋሹ ግን አጠረውና ቃሉ ሳይወጣ ቀረ። ስሙ ተሰረዘ። ሳይመጣ ሲቀር ማስረጃ የለውም ተባለ፤ ሲመጣ ደግሞ መምጣቱ ማስረጃ ሆነበት።

ክረምቱ ገባ። መንደሩ በሙሉ ጭቃ ሲሆን ያ መንገድ ጭቃ አይዝም ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ይሄድ ጀመር፤ ሽማግሌዎቹም ጭምር። «እጁ ይባረክ፣ ጥሩ መንገድ ነው» ይሉ ነበር። እሱ ግን በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሚስቱ በነሐሴ አንድ ቀን እርጥብ እንጨት ተሸክማ ገብታ ተኛች፣ ከዚያም አልተነሣችም።

አስከሬኗ በዚያው መንገድ ወጣ። ቆፋሪው ከቃሬዛው ኋላ እያለቀሰ ተከተለ። ዋርካው ጋ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ የተሠራው እስከ ዋርካው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ገና ከወንዙ ማዶ ነው። ለቀስተኛው «ሚስቱን የማይቀብር ምን ዓይነት ባል ነው!» እያለ አልፎት ሄደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን መለስ ብሎ አየው። የእግሩ ጣቶች ጥቅጥቁ መሬት የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ናቸው። እጆቹን ወደ ቃሬዛው ዘርግቷል፣ ስሟን እየጠራ ይጮኻል፣ አንዲት እርምጃ ግን መራመድ አልቻለም። ሽማግሌው ያኔ ገባው። ማስረጃው ያን ቀን ተሟላ።

በሚቀጥለው ዓመት የቆፋሪው ስም ተጻፈ። እህሉንም ቤቱ ድረስ ወሰዱለት። የአንድ ሰው ድርሻ ነበር፤ በቤቱ የቀረው አንድ ሰው ነዋ።

እንግዲህ አሰግድ፣ ዋርካው የእናንተ ቢሮ ነው። የራሳችሁንም አጭበርባሪ በየስብሰባው ስታነሡት እሰማለሁ፤ አንድ እሱ አታሏችሁ ስንቱን በእሱ ዓይን አያችሁ! ቆፋሪው ማን እንደሆነ እኔ አልነግርህም። ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልመጣችም ብላችሁ ልትሰርዟት ያሰናዳችኋት ሴት አለች፤ ስሟ ደብተርህ ላይ ነው። ከቤት መውጣት ያቃተውን ሰው መጥተህ አስረዳኝ ማለት፣ ውሃ የሚወስደውን ሰው ዋኝተህ ውጣና መስጠምህን ንገረኝ ማለት ነው። ካልወጣ አላመለከተም ትላለህ፤ ከወጣ መች ሰጠመ ትላለህ። ምን ጥፋት አለው አልከኝ። ጥፋቱ ይሄ ነው።

የአንተ እግር ደህና ነው። ልብህም ደጅ ላይ አይከዳህም። ደብተርህን ያዝና አንተ ወደ እሷ ሂድ፤ አስከሬን እስኪወጣ አትጠብቅ።