የሣጥኑ ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ካይሮ ውስጥ፣ ጥንታዊ ዕቃ እየጠገኑ የሚያድኑ አባባ ሃቢብ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሦስት ወንድማማቾች፣ የሶፋ አናጢ ልጆች፣ ከእሳቸው ሥር ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከፈርዖኖች ዘመን የቆየ የእንጨት ሣጥን መጣላቸው፤ በወርቅ የተለበጠ፣ ሰማያዊ ብርጭቆ የተሰካካበት። ወርቁ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሣስቷል።

«እኔ ጡረታ ልወጣ ነው» አሉ አባባ ሃቢብ። «የዚህ መጠገኛ ቤት ቁልፍ ሣጥኑን ላዳነው ነው። የቀራችሁት፣ ወደ አባታችሁ ሶፋ!»

ታላቁ ሸኑዳ ዓይን ነበረው። ስምንት ቀን ሙሉ እጁን ሳያሳርፍበት፣ መብራት ከጎን እያበራ አየው፣ አየው።

«ልታገባው ነው እንዴ?» አለ መካከለኛው ዋግዲ፣ አቧራውን ሊጠርግ ብሩሽ አንሥቶ።

«አስቀምጥ! ከወርቁ ሥር ያለው ጀሶ እንጨቱን ለቋል። ወርቁን ነው ጠርገህ የምትጥለው።»

ዋግዲ ደግሞ እጅ ነበረው። በቀጭን ብሩሽ ከወርቁ ሥር ሙጫ እያስገባ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በጣቱ ጫፍ እያስተኛ ሁለት ወር ሠራ። አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም።

ትንሹ ማርቆስ ምን እንደነበረው እንጃ። የእሱ ሥራ ማጽዳት ነው። እዚያ ቤት ወርቅ የሚጸዳው በምራቅ ነው፤ ጥጡን ምላስህ ላይ ታረጥበዋለህ፣ ቀስ ብለህ ታሻለህ፣ ትጥለዋለህ። ያሸህበትን ጥጥ መልሶ አፍ ውስጥ መክተት ከሥራ ያስባርራል። ማርቆስ ስለ ኳስ እያወራ መልሶ ከተተው።

ፊቱ ተጨማደደ። «ጨው!»

«ምኑ?»

«ሣጥኑ ነዋ!»

ከኋላው ዞረው ሲያዩት፣ ሣጥኑ የተጠጋበት ግድግዳ ርሷል፤ እርጥበቱን ከነጨው እያጠጣው ኖሯል። እዚያው ቢከርም ጨው ወርቁን መልሶ ያነሣው ነበር። ስምንት ቀን ያየው አላየውም፤ ሁለት ወር የዳበሰውም አላወቀውም። ተሸክመው ደረቅ ክፍል አስገቡት፤ ዳነ።

«እኔ ባላስቆምህ የምታስተኛው ወርቅ አይኖርም ነበር» አለ ሸኑዳ።

«አየኸው እንጂ መቼ ነካኸው?» አለ ዋግዲ።

«እኔ ባልሳሳት ኖሮ...» አለ ማርቆስ፣ አሁንም እየተፋ።

አባባ ሃቢብ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ሦስቱን ተራ በተራ አዩና እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው? ላየው፣ ላስተኛው፣ ወይስ ደንብ ጥሶ ለቀመሰው?