ሳሎን መሃል የተዘረጋው ሲባጎ

አንድ አዛውንት ግንበኛ ነበሩ። ጋሽ አጥናፉ ይባላሉ። የሚኖሩበትን ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው፤ ድንጋዩን እሳቸው ጠረቡ፣ ጭቃውን ሚስታቸው አቦኩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከአንድ ልጃቸው ከደምሰው ጋር ቀሩ። “ነገ እኔ ስሞት ልጄ በውርስ ጉዳይ እንዳይንከራተት” ብለው አንድ ቀን ወደ መሬት ቢሮ ሄዱና በቤቱ ካርታ ላይ የልጃቸውን ስም ከስማቸው ጎን አስጻፉ። ሠራተኛዋ ማኅተሙን መታችና “እንግዲህ ቤቱ የሁለታችሁ ነው፤ እኩል እኩል” አለቻቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ኑሮውን ይቀጥል ነበር። ግንበኛ ግን “እኩል” ሲሉት ገመድ ይፈልጋል። ጋሽ አጥናፉ ደምሰው ሥራ እስኪሄድ ጠበቁና የድሮ ሲባጎአቸውን አውጥተው ቤቱን ለሁለት ከፈሉት። መስመሩ ሳሎኑን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አለፈ። ፀሐይ የሚገባበትን ወገን፣ የፊት ለፊቱን በርና በረንዳውን “ወጣት ነው፣ እንግዳ ይመጣበታል” ብለው ለልጃቸው ተዉለት። ጓዳውን፣ መኝታ ቤታቸውንና የጓሮውን በር ለራሳቸው ያዙ። ከዚያ ሲባጎውን ጠቅልለው አስቀመጡት። መስመሩ ግን ከጭንቅላታቸው አልወጣም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኑሯቸው ሁሉ ግራ መጋባት ሆነ። ወደ ደጅ ሲወጡ በጓሮ ዞረው ነው። በረንዳው ላይ ያለችውን ወንበራቸውን በሩቁ ያይዋታል እንጂ አይቀመጡባትም። ሳሎን መሃል ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሬዲዮው ከመስመሩ ወዲያ ነው፤ የገዙት ግን እሳቸው ናቸው፤ ታዲያ የማን ነው? ክረምቱ ገባና ጣሪያው ልክ በመስመሩ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ጋሽ አጥናፉ ባልዲ ይዘው ቆሙ። በእኔ በኩል ላስቀምጠው ወይስ በእሱ? ሲያወጡ ሲያወርዱ ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?” ይላል ደምሰው።

“ምንም።”

ድርሻዬ የት ጋ እንደሚያልቅ ጠፋኝ ብሎ ልጅን መጠየቅ አሳፈራቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ዝምታው ነቀዘ።

አንድ ቀን ጠዋት ደምሰው አንድ ሰው አስከትሎ መጣ። “አባዬ፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው። ገዢው እሳቸው ናቸው። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።”

ጋሽ አጥናፉ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ግማሹ የልጃቸው ከሆነ እንዴት እምቢ ይላሉ? እሺ ካሉስ በስተርጅና የት ሊገቡ ነው? ባለቤት ናቸው ወይስ ጥገኛ? “መነጽሬን ላምጣ” አሉና በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር።

እግራቸው ፍርድ ቤት በር አደረሳቸው። እዚያ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ያረጁ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ጋሽ አጥናፉ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው።

“ሲባጎውን የዘረጋው ማነው?” አሉ ጸሐፊው።

“እኔ።”

“ልጅዎ ያውቃል?”

“ከየት አውቆ? እሱ ሥራ ነበር።”

“ካርታው ላይ ስንት ስም አለ?”

“ሁለት።”

“መስመርስ?”

ጋሽ አጥናፉ አሰቡ። “መስመር የለም።”

“እንግዲያው ያልተከፋፈላችሁት ቤት ነው። እያንዳንዷ ድንጋይ ላይ እርስዎም አሉ፣ ልጅዎም አለ። ድርሻዬን ልካፈል ካለ በሕግ ይጠይቅ፤ ያኔም እርስዎ ቀርበው ይሰማሉ። ቤቱን ሙሉውን ግን ያለ እርስዎ ፊርማ አይሸጠውም። ጋሼ፣ እርስዎ ሰጡ እንጂ አልወጡም። ምን ልጻፍልዎ?”

“ምንም። ይቺው ትበቃኛለች።”

ወደ ቤት ሲመለሱ በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ከስንት ጊዜ በኋላ በረንዳው ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከገዢው ጋር ሲጠብቃቸው የነበረው ልጃቸው ፈዞ ያያቸዋል።

“ደምሰው፣ እኔ አልፈርምም።”

“አባዬ፣ እኔ እኮ ቤቱ የጠፋብህ መስሎኝ ነው። በጓሮ ትዞራለህ፤ ሳሎን መሃል ትቆማለህ። አእምሮህ እየደከመ ነው ብዬ ሐኪም ቤት አጠገብ ቤት ልፈልግልህ...” አንገቱን ደፋ። “ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለራሴም አዲስ ቤት አምሮኝ ነበር።”

“ቤቱ አልጠፋብኝም። ድርሻዬ ነው የጠፋብኝ።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?”

“አንተስ ሳትጠይቀኝ ገዢ አምጥተህ የለ?”

ከዚያ ደምሰው ገዢውን ይቅርታ ጠይቆ ሸኘ። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ አባቱ ከታች ሆነው “ወደ ግራ፣ እሱ ጋ ምታ” እያሉ ቀዳዳውን አስደፈኑት።

ወዳጆቼ፣ ልጅን በካርታ ላይ ማስጻፍ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የልጁን ስም የጨመረ ወላጅ የራሱን ስም አልፋቀም። አባትና እናት የሰጡትን ብቻ ሳይሆን የቀረላቸውንም ይወቁ፤ ያላወቁትን ሳይፈርሙ በፊት ይጠይቁ። ልጅም የወላጁን ዝምታ እሺታ አድርጎ አይቁጠር። ጋሽ አጥናፉን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ያደረጋቸው ሕጉ አልነበረም፤ ሁለቱም ያልተነጋገሩበት አንድ ሲባጎ ነው።

እስቲ እናንተም ዛሬ ቤታችሁን ልብ ብላችሁ እዩ። ወላጆቻችሁ የሚገቡት በየትኛው በር ነው?