ወንዝ የተሻገረው የሾላ ሜዳ ሹም

ራቅ ብሎ የተቀመጠ ቀረብ ይበል፣ የሚያወራም ወሬውን ይግታ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው አራዊት ተሰብስበውና ተከራክረው ሹማቸውን ራሳቸው በሚመርጡበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ድንጋይም አፍ ነበረው፤ ሲጠይቁት ይመልሳል።

በዚያ ዘመን ሾላ ሜዳ የምትባል መንደር ነበረች። ከመንደሯ በታች ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ወዲያ ያለው ሌላ አገር ነው፤ ግራር ማዶ ይባላል።

የሾላ ሜዳ አራዊት ሹም አድርገው የመረጡት ጃርትን ነበር። አያ ጃርት አነጋገሩ አያምርም፤ ሲቆጣም እሾሁ ይቆማል። ግን የማንንም ቤት አይንቅም። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ መንደሩን አስከትሎ ይወጣና ሁሉም የሚጠጡበትን ምንጭ ከደለል ይጠርጋል። ስለዚህ የሹመቱን በትር ሰጡት፣ እሱም ያዘው።

አንድ ቀን በበጋ ሽመላ ከሩቅ አገር በርራ መጣች። ሽመላ በየዓመቱ አገር ለአገር ትዞራለች፤ ወሬ የሚሰማው ከእሷ ነው። ከጃርት ጉድጓድ ደጃፍ አረፈች።

«አያ ጃርት፣ ደህና ከረምክ?»

«ደህና ነኝ፣ እሜቴ ሽመላ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱስ ደህና ነበር። ደህና ያልሆነው ያየሁት ነገር ነው። በግራር ማዶ አሸዋ ውስጥ አንበጣ እንቁላሉን ጥሏል። ሦስት ሜዳ ሙሉ ነው። ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል፤ ክንፍ ያወጣል፤ ይነሳል። ሲነሳ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው አንተም ታውቃለህ።»

ጃርት ያውቃል። በክረምት መግቢያ ነፋሱ ከማዶ ወደ ሾላ ሜዳ ነው የሚነፍሰው።

«ዝናቡ ስንት ቀን ይቀረዋል?» አላት።

«ቢበዛ ሠላሳ።»

ጃርት ወዲያው መንደሩን ሰበሰበ። የሰማውን ነገራቸውና «ወንዙን ተሻግረን እንቁላሉን ቆፍረን እናውጣ» አላቸው። ከሁሉ ቀድሞ ዝንጀሮ ተነሳ። ዝንጀሮ አፈ ቀላጤ ነው፤ ሲናገር ሁሉም ያዳምጠዋል።

«አያ ጃርት፣ አንተ የማን ሹም ነህ?»

«የሾላ ሜዳ።»

«እንቁላሉ ያለው የት ነው?»

«ግራር ማዶ።»

«እንግዲያው ለግራር ማዶ ሹም ተወው! ዓምና ጨው በምንልስበት ሜዳ ስንጣላ ያደሙን እነሱ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ሄደን አሸዋቸውን ልንቆፍርላቸው ነው? ይልቅ ምንጫችን ደለል ሞልቶታል። እሱን አስጠርገን።»

ጉባኤው «እውነቱን ነው! እውነቱን ነው!» አለ። ጃርት ቢለምንም ማንም አልሰማው፤ ሁሉም ወደየቤቱ ተበተነ።

ጃርት ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ለአውራጃው ገዢ ለአንበሳ አቤት ልበል ብሎ ተነሳ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሦስት ቀን ሄደ። ከአንበሳ ፊት ቀርቦ እጅ ነሳ።

አንበሳ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ከወንዙ ወዲህ ያለ ጉዳይ ያንተ ነው። ከወንዙ ወዲያ ካሉት ጋር መነጋገር ግን የኔ ነው» አለው።

«ታዲያ ጌታዬ፣ እርስዎ መልእክተኛ ይላኩ።»

«ከማዶው ንጉሥ ጋር ከተነጋገርን ሰባት ዓመት ሆነን። ይታሰብበታል።»

«ዝናቡ እኮ ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ጌታዬ።»

«ይታሰብበታል አልኩህ!»

ጃርት በመጣበት መንገድ ሦስት ቀን ተመለሰ። መንደር ግን አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደ። ከወንዙ ዳር የድንበር ድንጋይ ቆሟል።

«ወዴት ነው?» አለው ድንጋዩ።

«ማዶ።»

«የይለፍ ፈቃድ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው አታልፍም።»

«አንበጣው ሲያልፍስ ትከለክለዋለህ?»

ድንጋዩ ብዙ አሰበ። «እኔን እዚህ ያቆሙኝ ሽማግሌዎች መሬቱ የት ላይ እንደሚያልቅ አሳይ ነው ያሉኝ» አለ። «በአናቴ ላይ ስለሚበርር ነገር ምንም አልነገሩኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እለፍ። ሮጬ አልይዝህ፣ እግር የለኝ።»

ጃርት ተሻገረ። ገና ከውሃው ሲወጣ የግራር ማዶ ጠባቂዎች ከበቡትና ወደ ሹማቸው ወሰዱት። የግራር ማዶ ሹም እሜቴ ከርከሮ ነበረች። አንድ ጆሮዋ ግማሽ ነው።

«ይህን ጆሮ ታየዋለህ?» አለችው። «ግማሹን ዓምና የወሰደው የእናንተ ዝንጀሮ ነው።»

ጃርት ፈርቷል። ግን አልዋሸም። «አውቃለሁ፣ እሜቴ። ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ። ላስቆመው ስችል አላስቆምኩትም። በድያለሁ።»

ከርከሮ ይህን አልጠበቀችም። ጠባቂዎቿን ዘወር በሉ አለቻቸው።

«ይህን ለማለት ብቻ ነው የተሻገርከው?»

«ሌላም አለ። አንበጣው።»

«እሱን እኛም አይተነዋል» አለች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። «ሦስት ሜዳ ነው። የምንቆፍር ደግሞ ስድስት ነን። አንዱን ሜዳ እንኳ ሳንጨርስ ዝናቡ ይደርሳል።»

«እኔ እጨመራለሁ። ሌላም ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«የእናንተ ሰው ለእኛ ይመጣል?»

«ልሞክር፣ እሜቴ።»

ጃርት ወደ መንደሩ ተመልሶ ከደጅ ወደ ደጅ ዞረ። የጥንቸልን ደጅ መታ። ጥንቸል «ልጆቼን ለማን ትቼ?» አለች። የሚዳቋን ደጅ መታ። ሚዳቋ ዓይኑን ሰብሮ «ሰኮናዬ ለመቆፈር አይሆንም፣ አያ ጃርት» አለ። በመጨረሻ የአዋልድጌሳን ደጅ መታ። አዋልድጌሳ በጉባኤ ተናግሮ አያውቅም፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ምስጥ እየቆፈረ ይበላል፣ ከማንም ጋር ነገር የለውም።

«እንቁላሉ ምን ያህል ጥልቅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ክንድ አይሞላም።»

«እመጣለሁ» አለና ተነሳ። ፍልፈልም ይህን ከጎረቤት ሰምታ ከነባሏ ተከተለች።

ወንዙን ተሻግረው ከከርከሮ ወገኖች ጋር መቆፈር ጀመሩ። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ፣ አሥራ ሰባት ቀን ቆፈሩ። አዋልድጌሳ ብቻውን የአሥር ያህል ይቆፍር ነበር። እንቁላሉን ወደ ላይ ሲያወጡት ሽመላና ሌሎች ወፎች እየለቀሙ ይበሉታል። የመጀመሪያው ሜዳ አለቀ። ሁለተኛው ሜዳ አለቀ። የሦስተኛው ሜዳ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ከዚያ በኋላ መቆፈር አልተቻለም። ከርከሮ ጃርትን እስከ ወንዙ ሸኘችው፤ «ምግባችሁንም ሳትበሉ ነው የዋላችሁት» ብላ ሥራሥር አስያዘችው።

ጃርት መንደሩ ሲደርስ ጥፍሩ አልቋል፣ ጀርባው ጎብጧል። በትሩ ግን በዝንጀሮ እጅ ነበር።

«ሹም ሲጠፋ ሹም ይተካል» አለው ዝንጀሮ። «ደለሉ ውሃውን ዘግቶት ሦስት ቀን ጭቃ ጠጣን። ምንጩን የጠረግሁት እኔ ነኝ። ጉባኤውም እኔን መረጠ።»

ጃርት ዙሪያውን አየ። ሁሉም ዓይኑን አሸሸ። ይቆጣል ብለው ጠብቀው ነበር፤ እሾሁ ግን አልቆመም። «ውሃው ወጣ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «ወጣ» አሉት። ጉድጓዱ ገባና ለብዙ ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገረም።

ከወር በኋላ አንበጣው መጣ። መጣ ስላችሁ አንድ ጥቁር ጨርቅ የሚያህል መንጋ ነው። የማሳውን ዳር ዳር በላ፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ወፎች ጨረሱት። መንደሩ ሳቀ። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቀን ያስጨነቀን? ለዚህች መንጋ ነው ምንጩን ጥሎ የሄደው?» አሉ።

አዋልድጌሳ ተናዶ ወደ ጃርት መጣ። «ተነስና ንገራቸው!» አለው።

«ምን ብዬ? የመጣውን አይተዋል። ያልመጣውን በምን ላሳያቸው?»

ነገሩ በዚሁ ቀረ። እህል ደረሰ፤ አጨዳ ሆነ። ሁሉም ጠግቦ በተቀመጠበት ሰሞን ሽመላ ተመልሳ መጣች። ዝንጀሮ በትሩን ይዞ ተቀበላትና «የአገሩ ወሬ እንዴት ነው?» አላት።

«ከወንዙ በታች አሸዋ ጥግ የሚባል አገር አለ» አለች። «እዚያም አንበጣው ከጎረቤታቸው አሸዋ ላይ እንቁላል ጥሎ ነበር። ነግሬያቸው ነበር። የጎረቤት ጉዳይ ነው አሉና ተዉት። ዛሬ እዚያ አንድ ለምለም ቅጠል የለም። እናቶች የዛፍ ልጣጭ ይፍቃሉ። ግማሹ ሰው ተሰዷል። ከላይ ሳልፍ የሰማሁት ልቅሶ ብቻ ነው።»

ዝንጀሮ ቀረብ አለና «እዚህ ማዶ የነበረው ስንት ሜዳ ነበር?» አለ።

«ሦስት።»

«እነጃርት ስንቱን ቆፈሩ?»

«ሁለት ተኩል።»

ዝንጀሮ ብልህ ነበርና ወዲያው ገባው። ማሳውን ዳር ዳር የበላችው ያቺ መንጋ የወጣችው ከቀረው ግማሽ ሜዳ ነው። የተቆፈረው ሁለት ተኩል ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር ለማሰብ ብዙ አልቆየም። ተነሳ፤ መንደሩም ተከተለው። ከጃርት ጉድጓድ ደጃፍ ሲደርስ በትሩን መሬት ላይ አጋደመ።

«አያ ጃርት፣ ስቄብህ ነበር» አለ። «ይቅር በለኝ። በትሩን ውሰድ።»

ጃርት ወጣ። በትሩን ግን ወዲያው አላነሳም።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ። «ስሄድ ምንጩን ለማንም አደራ አላልኩም። የያዝኩት ጉዳይ ትልቅ ስለሆነ የእናንተ ውሃ ትንሽ መሰለኝ። ጭቃ የጠጣ ሰው ቢቆጣኝ አይፈረድበትም። በትሩን የምይዘው አንተ ከጎኔ ከሆንክ ነው። እኔ ማዶ ስሄድ ምንጩን አንተ ትይዛለህ። አንተ ማዶ ስትሄድ እኔ እይዛለሁ።»

«እኔ ማዶ?» አለ ዝንጀሮ ደንግጦ።

«አንተ ማዶ። እሜቴ ከርከሮ የምትጠይቅህ ነገር አላት።»

ዝንጀሮም አንገቱን ደፍቶ «እሄዳለሁ» አለ። በማግስቱ ብቻውን ወንዙን ተሻገረ። የተባባሉትን የሰማ የለም፤ ቀኑ ሲመሽ ግን በሰላም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መንደር ሰዎች በየዓመቱ በበጋ አሸዋውን አብረው ያስሳሉ፤ አንበሳም ይታሰብበታል ያለውን እስከ ዛሬ እያሰበበት ነው ይባላል።

እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ ንገሩ። የደረሰ ጥፋት ለሁሉም ይታያል፤ ሳይደርስ የቀረውን ግን ማንም አያየውም። ስለዚህ ዓመቱ በሰላም ባለፈላችሁ ጊዜ፣ ጥፋቱን ማን እንዳስቀረላችሁ ጠይቁ።