እንቅልፍ የናፈቀው ኮምፒውተር

ልጆቼ፣ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ አቤቱታና ማመልከቻ በሚጻፍበት ቤት አንድ ኮምፒውተር ይኖር ነበር። የምትጽፍበት ይርገዱ ነበረች። ማታ ታስተኛዋለች፤ ጠዋት ማውሷን ነቅነቅ ስታደርጋት ዓይኑን ይገልጣል። ሌላ ማስነሻ አታውቅም፤ አስፈልጓትም አያውቅ።

አንድ ቀን ይርገዱ ልትወልድ ሄደች። አቧራ እንዳይነካው ብላ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችውና፣ "እስክመጣ ተኛልኝ" አለችው።

ኮምፒውተሩ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ሸለብ ሲያደርገው ይባንናል፤ ሸለብ ሲያደርገው ይባንናል። "ብተኛ እኮ በሕልሜ እንኳ አገኛት ነበር" እያለ ተንገበገበ።

የኔትወርኩን ገመድ ጠየቀ። "አያ ገመድ፣ የምትቀሰቅሰኝ አንተ ነህ?"

"እኔ መልእክት ካልመጣ ትንፍሽ አልልም። እሷ ከሄደች ደግሞ ማን ይጽፍልሃል?"

ሰዓቱን ጠየቀ። "አያ ሰዓት፣ የምትቀሰቅሰኝ አንተ ነህ?"

"እኔ የምቀሰቅሰው ቀጠሮ ሲኖር ነው። ቀጠሮ የሰጠኝ የለም።"

ማውሷን ጠየቀ። "እመት ማውስ፣ የምትቀሰቅሺኝ አንቺ ነሽ?"

ማውስ አንገቷን ደፋች። "እኔ ነኝ። በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ የዳንቴሉን ዘርፍ ያወዛውዘዋል። ዘርፉ ሲነካኝ እጇ ይመስለኛል፤ መጣች ብዬ እነግርሃለሁ። ናፈቀችኝ፣ ምን ላድርግ?"

"እኔንስ አልናፈቀችኝም?" አለ ኮምፒውተሩ ተናዶ። "ከእንግዲህ አንቺ ብትጠሪኝ አልሰማም።" ጆሮውን ደፈነባትና ጭልጥ ብሎ ተኛ።

ወር አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ በሦስተኛው ይርገዱ ልጇን አዝላ መጣች። ዳንቴሉን ገልጣ ማውሷን ነቅነቅ አደረገች። ዝም። ደግማ ነቀነቀች። ዝም።

"አሁንስ እሷው ናት፤ በሞቴ ተነስ" አለች ማውስ። የሚሰማት ግን ጠፋ።

ይርገዱ ለሦስተኛ ጊዜ ነቀነቀችና እጇን አነሳች። "ወይ እኔን፣ ሳልኖር ሞተብኝ" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የቤቱ ባለቤት አቶ ሸዋረጋ፣ "ተይው እናቴ፣ አርጅቷል። አዲስ አምጥቻለሁ" አሏት። ገመዱን ነቅለው ወደ ዕቃ ቤት ወሰዱት።

እሱ ያን ጊዜ በሕልሙ፣ ይርገዱ ከበር ስትገባ ያይ ነበር።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አኖርኩ። እናንተ ልጆቼ፣ ናፍቆት እንቅልፍ ቢነሳችሁ ቻሉት እንጂ በር አትዝጉበት። የምትጠብቁት ሰው የሚገባው በዚያው በር ነው።