ለጅብ የተሰጠ ሙሉ ሥልጣን

በአንድ ቆላ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ፣ አራት በር ያለው ጫካ ነበር። በሩን የሚከፍተው አንድ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ ብሎ የሚወስነው ሌላ ነው፤ በየማለዳው ያለፈውን ዱካ የምታነበው ደግሞ ጃርት ነበረች። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። ሦስቱ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ጫካው ግን በሰላም ያድራል።

ንጉሡ አንበሳ ጭቅጭቁ ሰለቸውና ጉባኤ ጠራ። ጅብ እጅ ነሥቶ ተናገረ፦

«ንጉሥ ሆይ፣ አንድ በር ለማስከፈት ሦስት እንስሳ መለመን ምን ይባላል? ሁሉንም ለአንድ ታማኝ ይስጡና ይገላገሉ።»

«ታማኙ ማነው?»

«ራሴን ማመስገን አልወድም» አለ ጅብ፤ የሌላ ስም ግን አልጠራም።

ጃርት እሾኋን አቁማ ተነሣች። «ለእያንዳንዱ ሥራው የሚጠይቀው ሥልጣን ይበቃዋል። በር ከፋቹም፣ ገቢውን መራጩም፣ ዱካ አንባቢውም ጅብ ከሆነ፣ ሲበድል ማን ያያል?»

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው?»

«አንተን ብቻ አይደለም። ለእኔም ቢሆን ሁሉም አይሰጠኝ።»

አንበሳ አዛጋ። «ለወዳጄ ሥልጣን ስሰፍር አልውልም» አለና መሾምና መሻሩን ጨምሮ ሁሉንም ለጅብ ሰጠው። ጅብም ከሁሉ አስቀድሞ ጃርትን ሻረ።

በሳምንቱ የሚዳቋ ግልገል ጠፋ። እናቲቱ እያለቀሰች፣ «የጅብ ዘመዶች በምሥራቁ በር ሲገቡ አይቻለሁ!» አለች። አንበሳ ዱካው ይታይ ብሎ አዘዘ። የሚያየው ጅብ ነበርና አይቶ «ምንም የለም» አለ። እውነቱን ነው፤ መሬቱ በሚገባ ተጠርጓል። ሚዳቋ በስም ማጥፋት ተፈረደባት። ከዚያ ወዲህ በጉባኤ የሚቃወም አንድ በአንድ እየጠፋ ሄደ፤ ጅብም ይህን «ስምምነት» ብሎ ጠራው።

አንድ ቀን አንበሳ ከአደን ሲመለስ በሩ ተዘግቶ አገኘው።

«ክፈት!»

«ማን ልበል?» አለ ጅብ ከውስጥ።

«ንጉሥህ ነኛ!»

«ከሚገቡት መካከል ስምዎ የለም።»

«ማን ፋቀው?»

«እርስዎ እንዲፍቅ የሾሙት ነዋ።»

አንበሳ አጥሩን ቢገፋ እሾሁ ደረቱን ወጋው። በቀዳዳ ሲያይ ጃርትና ሚዳቋ ቆመዋል። «እህቶቼ!» አለ፤ ይህን ቃል ከአፉ ሰምተውት አያውቁም። «ከሥር ቆፍሩልኝ። ጅብን እቆራርጠዋለሁ።»

«ከዚያስ ሥልጣኑ ለማን ይሆናል?» አለች ጃርት።

«ለአንቺ! ሁሉም ለአንቺ!»

ሁለቱ ተያዩ። ጃርት መቆፈር ጀመረች፤ ጉድጓዱ ሚዳቋን የሚያሳልፍ ያህል ሲሰፋ አቆመች። ወጥተው ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄዱ። አንበሳ ወደ ዙፋኑ ከመቸኮሉ የተነሣ በአጠገቡ ሲያልፉ እንኳ አላያቸውም። ራሱን በጉድጓዱ አስገባ፤ ትከሻው ተቀረቀረ። ወደፊትም ወደኋላም አልሆን አለው።

ከውስጥ በኩል የብዙ ጅቦች ኮቴ ሳይቸኩል ይቀርብ ነበር።