ብርዝ ጠጥቶ ዱቄት ያልተሸከመው እንግዳ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች! የዛሬው ወሬ አፌ ላይ አልቀመጥ ብሏል።

በድሮ ዘመን አንድ ተራራ ላይ ሁለት እህትማማች አበቦች ነበሩ። ታላቋ ሽታዬ፣ ታናሿ ድንቄ። ሁለቱም አጭር፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም መልካም ሽታ ያላቸው። አበባ እግር የለውም። ስለዚህ ወጋቸው እንዲህ ነበር፦ እንግዳ ሲመጣ ከሆዳቸው ያለውን ጣፋጭ ብርዝ ይጠጣል፣ ዱቄታቸውን ፊቱ ላይ ተቀብቶ ለጎረቤት አበባ ያደርሳል። ዱቄት ካልደረሰ ዘር የለም!

የሁለቱም እንግዳ እመት ንብ ነበረች፤ ታታሪ፣ ግን ብርድ ፈሪ።

አንድ ክረምት ምድር ተንቀጠቀጠች። ድው! ተራራው ለሁለት ተሰነጠቀ። የሽታዬ ወገን ወደ ሞቃቱ ቆላ ወረደ፣ የድንቄ ወገን ጉም በማይለየው ደጋ ላይ ቀረ። በመካከላቸው ገደል፣ ኧረ እንዴት ያለ ገደል!

«እመት ንብ፣ ወደኔስ አትመጪም?» ብላ ድንቄ ተጣራች።

«አዬ እህቴ፣ እዚያ ብርዱ ክንፌን ያደርቀዋል!» አለች ንብ።

ድንቄ ጨነቃት። ዘር ሳትጥል ልትደርቅ ነው!

ይሄኔ ሆዳሙ፣ አፈ ቅቤው አያ ጥንዚዛ ከተፍ አለ።

«እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ? ብርዙን ስጪኝ፣ ዱቄቱን ለኔ ተይው።»

«እሰየው! ግባ» አለችው ድንቄ።

እሱ ግን በበር መች ገባ! በጓሮ ዞሮ፣ ቀሚሷን ከሥር ቀዶ፣ ብርዙን መጠጠ።

«ዱቄቴስ?» አለች ድንቄ።

«ነገ!» አለ። በማግስቱም መጣ፣ ቀደደ፣ መጠጠ። «ዱቄቴስ?» «ነገ!» በሦስተኛውም ቀን መጣ፣ ቀደደ፣ መጠጠ። አሁንማ አፉን ጠርጎ እብስ አለ። አያናድድም ልጆች?

ድንቄ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ነገር ነበረባት፤ ታፍርበት ነበር። በዚያ በኩል መንቁረ ረጅሟ እመት ወፊት ስታልፍ ያንን አየች። ወፊት ብርድ አትፈራም፣ ሽታ አይገባትም፣ ቀይ ስታይ ግን ነፍሷን አታውቅም!

«ውይ! ይሄ ቀይ ነገር ምንድነው?» ብላ መንቁሯን ሰደደች። ጠጣች። ግንባሯ በዱቄት ተለወሰ። እንዲሁ እንደተለወሰች ሌላ ቀላ ያለች አበባ ጋ በረረች፣ ከዚያም ዱቄት ይዛ ተመለሰች።

ድንቄ ዘር ጣለች! እልል በሉ!

ከልጆቿ መካከል ቀላ ያለችው ወፊትን ጠራች፣ ወለደች። ነጯ ማንም ሳያያት ደረቀች። ቀሚሷ የሳሳባትን ጥንዚዛ ቀዶ ጨረሳት፤ ቀሚሷ የወፈረላት ተረፈች። ጎድጎድ ያለችው የወፊትን ግንባር ደህና አድርጋ ቀባች። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ እያለ ስንት ዘመን ሄደ! የድንቄ ዘር እሳት የመሰለ ቀይ፣ እንደ መለከት የረዘመ ሆነ። ቆላ ያለው የሽታዬ ዘር ደግሞ ለንብ እንዳማረ አጭርና ነጭ ሆኖ ቀረ። ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ዘመድ ናቸው የሚል የለም።

የአያ ጥንዚዛ የልጅ ልጅስ? እሱማ ያንኑ የአያቱን ሙያ ይዞ ከች አለ። በጓሮ ዞረ፣ ነከሰ። ቀሚሱ እንደ ጫማ ቆዳ ጠነከረበት! ተናደደ። በበር ገባ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ ብርዙ ደግሞ ታች። ተጠጋ፣ ተጠጋ፣ ቅርቅር! እግሮቹ ብቻ በውጭ ይወራጫሉ።

«አውጪኝ እሜቴ! ዱቄትሽን እሸከማለሁ! አሁኑኑ እሸከማለሁ!»

የወፊት የልጅ ልጅ ደረሰች። እግሩን ይዛ ጎተተችው። አወጣችውም።

«ተባረኪ!» አለ።

ዋጠችው። ከዚያም የአበባዋን ብርዝ ጠጥታ፣ ዱቄቷን ተሸክማ ወደ ጎረቤት በረረች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አበባን አበባ ያደረገው የበቀለበት አገርና በሩን የሚያንኳኳው እንግዳ ነው። እናንተም የሰው ቤት ገብታችሁ ከጠጣችሁ፣ በበር ግቡ፣ የተላካችሁትንም አድርሱ!